ሞተሩ እየሠራ ያለ ጠባቂ ስለሚቀር ቀላል አውሮፕላን

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከተሰጠ የትምህርት ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1955 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ ዳርቻ ከሚገኘው የባንክስታውን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ኦስተር የተባለ ቀላል አውሮፕላን ተነሥቶ ወደ ሰማይ ወጣ። በውስጡ ማንም አልነበረም። መሬት ላይ ሳለ ሞተሩ ጠፍቶ ስለ ነበር አብራሪው ወርዶ ፕሮፔለሩን በእጁ አሽከርክሮ ሞተሩን ባስነሣ ጊዜ ፍሬኑ አልያዘም፤ አውሮፕላኑ ተንደረደረ፤ አብራሪውም ሊደርስበት አልቻለም። ከሁለት ሰዓት በላይ በከተማዪቱና በአካባቢዋ ላይ እየዞረ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወጣ። አየር ኃይሉ ዊራዌይ የተባለ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ልኮ፣ አብሮ የተሳፈረው ወታደር በእጅ በሚያዝ ብሬን መትረየስ ሊመታው ሞከረ፤ አልሆነም። ሚቲዮር የተባሉ ጄቶች ተላኩ፤ መትረየሳቸው ነከሰ። በመጨረሻ የባሕር ኃይሉ ሁለት ሲ ፊውሪ ተዋጊዎች ከባሕሩ በላይ አግኝተው መትተው ጣሉት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለሳቅ ይነገራል። ሦስት ዓይነት የጦር አውሮፕላን በአንድ ሰው አልባ የመዝናኛ አውሮፕላን ሲቸገር ማሰብ በእርግጥ ያስቃል። ከሥሩ ግን ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። የሚደንቀው ደግሞ አውሮፕላኑ ያለ ማንም እርዳታ ተነሥቶ፣ ሚዛኑን ጠብቆ፣ ለሰዓታት በሥርዓት መብረሩ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ለምን እንደ ተነቃነቀ እንመልከት፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና።

በዛሬው ንግግሬ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ያለ ቀላል አውሮፕላን ቆሟል አይባልም፤ ተይዟል ይባላል እንጂ። ስለዚህ ሁልጊዜ ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ ማን ይዞታል? በምንስ ይዞታል? የሚለው ነው።

ከመካከላችን መኪና የሚያሽከረክር ሁሉ ሞተር ሳያጠፋ ወርዶ፣ ከሱቅ ዕቃ ገዝቶ የመመለስን ልማድ ያውቀዋል። ጥሩ ልማድ አይደለም፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይደርስ ያልፋል። ምክንያቱም በመኪና ውስጥ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው በፍሪሲዮንና በካምቢዮ በኩል ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ከሆነ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያጓራ ከጎማው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በመንገዳችን ላይ ያደግን ሰዎች ሁላችን ‘ሞተር መሥራት’ እና ‘መሄድ’ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ በሰውነታችን ተምረናል።

በቀላል አውሮፕላን ዘንድ እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው። በተለመደው ባለ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን ፕሮፔለሩ በቀጥታ በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ በብሎን ታስሯል። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች በመካከል ፍጥነት የሚቀንስ ጥርስ አለ፤ እርሱም ቢሆን ዜሮ ማርሽ የለውም። ሞተሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ፕሮፔለሩ አየር ወደ ኋላ ይወረውራል፤ አውሮፕላኑም ወደ ፊት ይገፋል። ጎማዎቹ ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውም፤ እንደ ጋሪ ጎማ በነጻ ይሽከረከራሉ። አብራሪው ሞተሩን እያሠራ ግፊቱን ብቻ ለይቶ የሚያቋርጥበት መንገድ የለም። ልብ በሉ፤ ከመኪና ወደ አውሮፕላን የመጣ ሰው በእጁ የለመደውን ነገር በጭንቅላቱ ብቻ መርሳት አይችልም።

ግፊቱ ስንት ነው? ለሒሳባችን እንዲመች ግምታዊ ቁጥሮችን እንውሰድ። 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ቆሞ ሳለ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ቢሰጠው የሚያመነጨው ግፊት ወደ 200 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ነው እንበል፤ ፕሮፔለሩም በደቂቃ ወደ 2,400 ዙር ይዞራል እንበል። የቆመ አውሮፕላን የፕሮፔለር ግፊት ከዙሩ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። እንግዲህ መካኒኮቻችን ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ በደቂቃ 800 ዙር ላይ፣ ዙሩ አንድ ሦስተኛ ስለ ሆነ ግፊቱ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል፤ ይኸውም 22 ኪሎ ያህል ነው። ዙሩ ወደ 1,200 ከፍ ካለ ግን ግፊቱ አንድ አራተኛ፣ ማለትም 50 ኪሎ ይደርሳል።

በሌላው ወገን ደግሞ ፍሬን ያልተያዘበት አውሮፕላን እንዳይንከባለል የሚከለክለው የጎማው መጎተት ብቻ ነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ ይህ ከክብደቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ነው። አውሮፕላኑ 800 ኪሎ ቢመዝን፣ ከ8 እስከ 16 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ በሚኒሞ ብቻ የሚሠራ ሞተር አውሮፕላኑን አስፋልት ላይ ሊያንከባልል ይችላል። ሣር ላይ መጎተቱ ብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ያው አውሮፕላን በሚኒሞ ላይነቃነቅ ይችላል፤ አብራሪውም ‘ይህ አውሮፕላን አይሄድም’ ብሎ ይተማመናል። መሬቱ ከመቶ አንድ ቢያዘቀዝቅ የሚጨምረው 8 ኪሎ ነው። ዓይን የማያየው ቁልቁለት ሚዛኑን ይገለብጠዋል።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ አይቀንስምን? ይቀንሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ግፊቱም አብሮ ይቀንሳል። ነገር ግን በከፍታ ላይ ለሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ካልተስተካከለ ከአየሩ አንጻር ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ይንተፋተፋል። አብራሪውም እንዳይጠፋበት የነዳጅ መስጫውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ስሱ አየር የቀነሰውን ግፊት የአብራሪው እጅ መልሶ ይጨምረዋል። በደጋ አገር የቆመ አውሮፕላን ከቆላው ይልቅ የተረጋጋ ነው የሚለውን አሳብ ስለዚህ አልቀበለውም።

እንግዲህ አውሮፕላኑን የሚይዙት ነገሮች ምንድን ናቸው? የመጀመሪያው የማቆሚያ ፍሬን ነው። ስሙ ከሥራው የገዘፈ ነው። በብዙ ቀላል አውሮፕላኖች አብራሪው በእግሩ ፔዳሎቹን ይረግጥና አንድ ትንሽ እጀታ ስቦ የፍሬኑን ዘይት በቧንቧው ውስጥ ይዘጋበታል። የሚይዘው እንግዲህ የታመቀ ዘይት ነው። ጎሚኒው ካረጀ ዘይቱ ቀስ ብሎ ያፈስሳል፤ ካረፈ በኋላ የሞቀው ፍሬን ሲቀዘቅዝም ዘይቱ ተኮማትሮ ግፊቱ ይወርዳል። ከአሥር ደቂቃ በፊት አጥብቆ የያዘ ፍሬን አሁን ላይይዝ ይችላል፤ ይህንንም ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ታኮ ነው። ታኮን አከብረዋለሁ። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ታኮ እንኳ በሁለቱም ዋና ጎማዎች ፊት ከተቀመጠ፣ ጎማው በላዩ ለመውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ቅድም ከጠቀስነው ሙሉ ግፊት ይበልጣል። ታኮ የሚሸነፈው ሲንሸራተት ነው፦ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ ዘይት የፈሰሰበት አስፋልት ላይ፣ ደቃቅ ጠጠር ላይ። በአንድ ጎማ ፊት ብቻ ከተቀመጠ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ አውሮፕላኑ በተያዘው ጎማ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ፕሮፔለሩም ማንም ባልጠበቀው ወገን ያጭዳል። በመንገድ ላይ ለጭነት መኪና የምናደርገው ድንጋይ የማስደገፍ ዘዴ እዚህ አይሠራም፤ ድንጋይ ከሥር አይገጥምም፣ ይንከባለላል፤ ሲፈነጠርም የፕሮፔለሩ ንፋስ ሊያነሣው ይችላል።

ሦስተኛው ጭራውን ማሰር ነው። በእኔ አመለካከት ሰው ብቻውን ሞተር በእጅ ለማስነሣት ከተገደደ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ጭራው ሥር ባለው ቀለበት ጠንካራ ገመድ አስገብቶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ችካል ጋር ማሰር፣ ከዚያም ወደ መቀመጫው ተመልሶ ሞተሩን ከተቆጣጠረ በኋላ ሌላ ሰው እንዲፈታው ማድረግ ነው። ያ ሌላ ሰው ከሌለስ? ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ ገመዱን መፍታት፣ እንደ ገናም ከመጀመሪያው መጀመር ይመጣል፤ ይህ ደግሞ አዙሪት ነው። ብቻውን ለሆነ ሰው ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ ‘ዛሬ አልበርም’ የሚለው የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በእጅ ማስነሣት ለምን እንደ ቀጠለ ጥቂት ልበል። የድሮዎቹ ቀላል አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ባትሪም ሞተሪኖም አልነበራቸውም። ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ ራሱን የቻለ ማመንጫ ስለ ሆነ ባትሪ አይፈልግም፤ ፕሮፔለሩ በእጅ ሲዞር ብልጭታው ይመጣል። ዛሬም ያ ዓይነት አውሮፕላን ያላቸው ሰዎች ዕለት ዕለት በዚሁ መንገድ ያስነሣሉ፤ በጥንቃቄና በሁለት ሰው እስከ ሠሩት ድረስ በደኅና ያስነሣሉ። አደጋው የሚበዛው ሞተሪኖ ያለው አውሮፕላን ባትሪው ሲደክምበት ነው። አብራሪው በእጅ ማስነሣትን አልተማረም፤ ከሌላ ሰው አይቷል ብቻ። ቸኩሏል፤ ብቻውን ነው፤ መንገደኞቹም ይጠብቁታል።

አንድ የታወቀ የስሕተት ሰንሰለት አለ፤ እያንዳንዱ እርምጃው ምክንያታዊ ስለ ሆነ በዝርዝር ላሳያችሁ። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ እንቢ ይላል፤ ነዳጅ በዝቶበታል። ይህን ለማጽዳት የታወቀው ዘዴ ማግኔቶውን ዘግቶ፣ የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ፣ ፕሮፔለሩን ደጋግሞ በማዞር የተትረፈረፈውን ነዳጅ ማስወጣት ነው። ከዚያ በኋላ መስጫው ወደ ታች መመለስ፣ ማግኔቶውም መከፈት አለበት። አብራሪው ማግኔቶውን ከፈተ፤ መስጫውን ረሳ። ወደ ፊት ዞሮ ፕሮፔለሩን መታ። ንጹሕ የሆነው ሞተር በአንድ ምት ተነሣ፤ የተነሣው ግን በሙሉ ጉልበቱ ነው።

አሁን ጊዜውን እናስላ። አውሮፕላኑ 700 ኪሎ ቢመዝን፣ መጎተቱና ደካማው ፍሬን ከተቀነሱ በኋላ የሚተርፈው ግፊት 100 ኪሎ ብቻ ቢሆን፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ 6 ሜትር ይጓዛል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአምስት ሰከንድ 17 ሜትር ተኩል፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር። አብራሪው በበኩሉ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ማድረግ ያለበት ከፕሮፔለሩ ፊት መሸሽ ነው። ከዚያ ክንፉን ዞሮ፣ በሩን ከፍቶ፣ እጁን ወደ መስጫው መዘርጋት አለበት። ይህን በአምስት ሰከንድ የሚፈጽም ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክንፉን ወይም የክንፉን ድጋፍ ይዞ ሊያቆመው የሚታገል ሰው ደግሞ የሚያደርገው አውሮፕላኑን በራሱ ዙሪያ ማሽከርከር ነው፤ ፕሮፔለሩን ወደ ራሱ ይጠራል።

ቃል ወደ ገባሁበት ጥያቄ ልመለስ፤ ካመለጠ በኋላ ለምን ይበርራል? መልሱ አውሮፕላን ሠሪዎች ሆን ብለው እንዲህ ስላደረጉት ነው። የአውሮፕላኑ የክብደት ማእከል ከማንሻ ኃይሉ ማእከል ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጣል፤ ጭራው ላይ ያለው አግድም ክንፍም ወደ ታች እየገፋ ሚዛኑን ይጠብቃል። አፍንጫው ቢያዘቀዝቅ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ጭራው አብዝቶ ወደ ታች ይገፋል፤ አፍንጫውም ተመልሶ ይነሣል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል። አብራሪው ለመነሻ በሚሆን ሁኔታ ሚዛኑን አስተካክሎት ከነበረ፣ አውሮፕላኑ የሚያስፈልገውን ፍጥነት ሲያገኝ ማንም መሪውን ሳይስብ መሬቱን ይለቃል። ወደ ጎን ያለው ሚዛን ግን ከዚህ የላላ ነው፤ ትንሽ ዘንበል ካለ ወደ ተዘነበለበት ወገን ቀስ ብሎ ይዞራል። ኦስተሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይዞ ከመሄድ ይልቅ በከተማዪቱ ላይ የዞረው ለዚህ ይመስለኛል። ነዳጁ ሲቃጠል ክብደቱ ይቀንሳል፤ ክብደቱ ሲቀንስ ይበልጥ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከኡርባና ከተማ ያመለጠ አንድ ኤሮንካ ቻምፕም እንዲሁ ሰው ሳይኖርበት ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ እርሻ ላይ ወድቋል። የደከመን አብራሪ ሕይወት የሚያድነው ይኸው በጎ ጠባይ፣ አብራሪው መሬት ላይ ሲቀር ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣል።

ይሁንና ከምድር የሚለቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሚቆሙት ከሌላ አውሮፕላን፣ ከአጥር ወይም ከሕንፃ ጋር ተጋጭተው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን አውሮፕላኑ ሳይነቃነቅ የሚደርሰው ነው፤ ማለትም ፕሮፔለሩ ሰውን ሲመታ። በደቂቃ 800 ዙር የሚዞር ባለ ሁለት ምላጭ ፕሮፔለር በአንድ ነጥብ ላይ በየሰከንዱ 27 ጊዜ ያህል ያልፋል። ዓይናችን ይህን ለይቶ አያይም፤ የሚያየው ስስ ጭጋግ ነው፤ በአንዳንድ ብርሃን ጭራሽ ምንም አያይም። የምላጩ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.9 ሜትር ቢሆን፣ ጫፉ በዚህ በሚኒሞ እንኳ በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። ‘ሚኒሞ ላይ ነው’ የሚለው አነጋገር ለሞተሩ እንጂ ለሰው አካል ትርጉም የለውም።

ይህን ይዘን ወደ ሕጉ እንሂድ። በዚህ ጉዳይ ላይ ካነበብኋቸው ደንቦች ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው የካናዳው ነው፤ በካናዳ የአቪዬሽን ደንቦች ውስጥ 602.10 የሚል ቁጥር ይዟል። የአንቀጹ አሳብ በእኔ አነጋገር እንዲህ ነው። የአውሮፕላን ሞተር እየሠራ እንዲቆይ ማድረግ የሚቻለው ከሁለት በአንዱ መንገድ ነው። አንደኛ፣ አውሮፕላኑን መቆጣጠር የሚችል ሰው በአብራሪው መቀመጫ ላይ ከተቀመጠ። ሁለተኛ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ማንም ከሌለ፣ እንዳይነቃነቅ አስፈላጊው ጥንቃቄ ከተደረገለት፣ እንዲሁም ያለ ጠባቂ ካልተተወ።

በሁለተኛው መንገድ ውስጥ ያለችውን ‘ማንም ከሌለ’ የምትለውን ሁኔታ አስተውሉ። በመጀመሪያ ሲያነብቧት ግራ ታጋባለች፤ ሰው ቢኖርበት ይሻል አልነበረምን? ያሰኛል። አይሻልም። ለምሳሌ አብራሪው ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ያልተዘጋ የዕቃ በር ለመዝጋት ወረደ እንበል። ከመቀመጫው አጠገብ መብረር የማያውቅ መንገደኛ አለ፤ ከኋላም ልጅ ተቀምጧል። መንገደኛው ቀበቶውን ሲፈታ ክርኑ የነዳጅ መስጫውን ሊገፋው ይችላል። ወይም አብራሪውን ለመርዳት ብሎ በሩን ከፍቶ ይወርድና በአቋራጭ በአፍንጫው በኩል ይዞራል። ታኮ የመጀመሪያውን ሊገታ ይችል ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን ምንም ታኮ አይገታም። ሕግ አውጪው ሥራውን የማያውቅ ሰው በውስጡ ያለበትን አውሮፕላን ባዶ ከሆነው ይልቅ አስጊ አድርጎ ቆጥሮታል። ይህ ብዙ የሚያስተምር ፍርድ ነው።

‘ጠባቂ’ የሚለውን ቃልም እንመርምር። በአማርኛችን ጠባቂ ስንል አጠገብ ሆኖ የሚያይ ሰው እንላለን፤ የግቢ ጠባቂ፣ የመኪና ጠባቂ። ለቀላል አውሮፕላን ግን ዐሥር ሜትር ርቆ የሚያይ ሰው ጠባቂ አይባልም፤ ክንፉን የያዘም አይባልም፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ቢነቃነቅ ሁለቱም ሊያቆሙት አይችሉም። ከላይ ባሰላናት በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ ነዳጁን ወይም ማግኔቶውን ለመዝጋት የሚችል ሰው ብቻ ነው ጠባቂ። እንግዲህ በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ ብዙዎች ‘ጠባቂ ነበረው’ የሚሉት አውሮፕላን ጠባቂ አልነበረውም።

የአሜሪካው ሕግ ስለዚህ ጉዳይ እንዲህ ያለ ዝርዝር አንቀጽ የለውም፤ በግድየለሽነት አውሮፕላን ማንቀሳቀስን በጠቅላላው በሚከለክለው 91.13 በተባለው ድንጋጌ ሥር ይታያል። ስለ ሄሊኮፕተር ደግሞ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በስድስተኛው አባሪው ሦስተኛ ክፍል፣ ብቃት ያለው አብራሪ መሪው ላይ ሳይኖር ለበረራ ተብሎ የላይኛው ክንፍ በሞተር ኃይል እንዳይሽከረከር ይከለክላል። ለጠቅላላ ድንጋጌ እንደ ሄሊኮፕተሩ ያለ ግልጽ ቃል እመርጣለሁ። ጠቅላላው ሕግ የሚሠራው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ግልጹ ግን አብራሪው በሩን ሊከፍት ሲል በአእምሮው ይመጣል።

ሞተሩ እየሠራ ያመለጠ ወይም የተተወ አውሮፕላን ያጋጠመው ሰውስ ምን ያድርግ? ለዚህ ከቀላል አውሮፕላን ወጥቼ አንድ የጄት ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1970 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ኤፍ-106 የተባለ ተዋጊ ጄት በልምምድ ላይ ከቁጥጥር ወጣ፤ አብራሪው በወንበሩ ተወርውሮ ወጣ። አውሮፕላኑ ግን ከዚያ በኋላ ራሱ ሚዛኑን አግኝቶ፣ ቢግ ሳንዲ በተባለች ከተማ አጠገብ በረዶ በለበሰ እርሻ ላይ በሆዱ ተንሸራትቶ ዐረፈ። ሞተሩ እየሠራ ነበር። የደረሰው የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ወደ አየር ኃይሉ ደውሎ ምን ላድርግ ሲል ጠየቀ፤ ነዳጁ እስኪያልቅ ተወው ተባለ። ተወውም። አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቀ፤ በመካከሉም ጄቱ በረዶው ላይ አልፎ አልፎ ወደ ፊት ይንሸራተት ነበር። ማንም አልተጎዳም። ጄቱም ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ዛሬ በዴይተን፣ ኦሃዮ በሚገኘው የአሜሪካ አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ሮጦ ከመያዝ ይልቅ ሰዎችን ማራቅና መጠበቅ ዋጋ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሊሮጥ የሚገባው ሰው የሚሮጠው ወደ አውሮፕላኑ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ወዳሉት ሰዎች ነው፤ እርሱም በጎን በኩል።

ከአድማጮች መካከል አንዲት ተማሪ፣ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ሲመጣ ይህ ችግር አብሮ አይጠፋምን? ስትል በጽሑፍ ጠይቃለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በዚሁ ልጨርስ። ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ የማሠልጠኛ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2020 ከአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ የብቃት ማረጋገጫ አግኝቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ሚኒሞ አያስፈልገውም፤ ጉልበት ሳይጠየቅ ዝም ብሎ መቆም ይችላል። ስለዚህ በሚኒሞ የሚመጣው የዚያ 22 ኪሎ ግፊት ጉዳይ በእርግጥ ይቀራል፤ ነዳጅ ስለ በዛበት ሞተር የተናገርሁትም ይቀራል።

ነገር ግን የባለ ፒስተኑ ሞተር ድምፅ፣ ንቅናቄና ንፋስ ራሳቸው ማስጠንቀቂያ ነበሩ። ኤሌክትሪክ የተለቀቀለት ሞተር ግን ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ድምፅም ሳይኖረው፣ የጉልበት እጀታው በክርን በተነካ ቅጽበት ይዞራል። ከውጭ ለሚያየው ሰው የጠፋውና የተዘጋጀው አንድ ይመስላሉ። ‘ሞተሩ እየሠራ’ የሚለው የደንቦቻችን ቃል የተጻፈው ሞተር ሲሠራ በጆሮ ለሚሰማበት ዘመን ነው። ደንቡን እንደ ገና የሚጽፉት ሰዎች መሥራትን በፕሮፔለሩ መዞር ሳይሆን፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ ያለው መስመር ክፍት ወይም ዝግ በመሆኑ ሊተረጉሙት ይገባል፤ ያንንም ከአውሮፕላኑ ውጭ፣ ከፊት ለሚመጣ ሰው በሚታይ መብራት እንዲገለጽ ሊያስገድዱ ይገባል።